የአቦሉ አተላ

መምሬ ሀብተ ሚካኤልን በፊቱ ሁልጊዜ አንቱ ብዬዋለሁ። መስቀሉን ተሳልሜያለሁ፣ ሲመጣ ብድግ ብዬ ወንበር ለቅቄያለሁ፣ ሲሄድ እስከ አጥሩ በር ሸኝቼዋለሁ። ይበቃዋል። እዚህ ግን የማወራው እኔ ነኝና አንተ ነው የምለው። ክብር አነሰው የሚል ካለ ልክ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት።

ታሪኩ የእኔ አይደለም፣ የባንቻየሁ ነው። ባንቻየሁ ያርጋል ደባርቅ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ቡና እያፈላች የምትሸጥ ሴት ናት። እኔ ሸጊቱ በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጠው፤ አጥር እንጋራለን፣ ቡና እንጣጣለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፣ የእሷ ድምፅ ግን ዝቅ ይላል። ድምፅዋ ዝቅ ሲል እኔ ወንበሬን ራቅ አደርጋለሁ።

ቡናዋን የማያውቅ የለም። ወደ ተራራው የሚወጡ አስጎብኚዎች፣ ከጃናሞራ በቅሎ እየነዱ የሚመጡ ገበሬዎች፣ ወደ በየዳ የሚሄድ ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮች ሁሉ ደጇ ላይ ይቆማሉ። የምታፈላው የአንድ አገር ቡና ብቻ ነው፣ የዘጌ። ቅልቅል አታውቅም። አንድ ሹፌር “ቡና ያው ቡና ነው” ቢላት “ሚስትም ያው ሚስት ናት፤ ታዲያ ለምን የጎረቤትህ ቤት አታድርም?” ብላ አፉን አስይዛዋለች።

ዘጌ ጣና ሐይቅ ዳር ያለ ደን ነው። ቡናው በሬ በማይጠመድበት መሬት፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። አገሬው እንደሚያወራው ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ባንቻየሁ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ትወርድና ፍሬውን ከነደረቀ ልባሱ፣ ከነጀንፈሉ ገዝታ ትመጣለች። ለሳምንት የሚበቃትን ያህል ብቻ ትወቅጣለች፤ ጀንፈሉን አስቀድሞ ያወለቁት እንደሆነ ጠረኑ ይሸሻል ትላለች። ፍሬው ደቃቅ ነው። ስትቆላው አታከስለውም፣ ዳማ ሆኖ መንጣጣት ሲጀምር ታወርደዋለች። ትዕግሥቷ የሚታየው ውሃው ላይ ነው። አገራችን ከፍታ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይንተከተካል። “የደባርቅ ውሃ ውሸታም ነው፤ ሳይግል ፈላሁ ይላል” እያለች ጀበናውን ከሌላው ሰው አብልጣ እሳት ላይ ታቆየዋለች። ጨው አታስገባም፣ ስኳር ለለመናት ብቻ ነው። አቦሉ ምላስ ላይ መረር ይላል፣ ሲዋጥ የሎሚ ቅጠል ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፣ በረካው ላይ ደግሞ ማር ማር የሚል ነገር ይመጣል። ብዙ አገር ቡና ጠጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።

ዘጌን የያዘችው ግን ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። አባቷ ያርጋል ሲራራ ነጋዴ ነበር። ከዳባት በታች ካለው መንደራቸው ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ይወርዳል፣ ከሐይቁ ዳር ቡናና ጌሾ ጭኖ ይመለሳል። መንገድ ላይ ታሞ ሞተ። ሚስቱ ፋንታዬ እሱ ያስለመዳትን ቡና ሳትተው ኖረች፤ የባሏ ጓደኞች ሲመለሱ ጥቂት ጥቂት ያቀብሏት ነበር።

የፋንታዬ ጀበና አፉ ላይ ተወትፎ አተላ የሚይዝ ውታፍ አልነበረውም። ስለዚህ ቡናው ሰከን ካለ በኋላ፣ ስኒው ላይ ከመቅዳቷ በፊት፣ ጀበናው አንገት ላይ የተሰበሰበው አተላ እንዲወጣ ከአቦሉ ጥቂት መሬት ላይ ጠብ ታደርጋለች። ሌላ ምሥጢር የለውም። ቡና ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቡና ቀድቶ የማያውቅ ግን አያውቀውም። መምሬ ሀብተ ሚካኤል የዚያ መንደር ደብር አለቃና የፋንታዬ የነፍስ አባት ነበር። ቡና ቀድቶም ጠጥቶም አያውቅም፤ እሱ በተማረው ትምህርት ቡና የክርስቲያን መጠጥ አይደለም። ያኔ እንዲህ የሚሉ ካህናት ጥቂት አልነበሩምና በዚህስ አልፈርድበትም። አንድ ቀን ፀበል ሊረጭ ፋንታዬ ቤት ሲገባ፣ ሴትዮዋ ከጀበናዋ መሬት ላይ ስታንጠባጥብ አየ። ዝም ብሎ ወጣ።

በ1987 ዓ.ም. መስከረም ላይ በረዶ ወረደ። ገብሱ ተኛ፣ ባቄላው አበባውን አራገፈ። ሰው እህሉ ሲወድቅበት የሚወቅሰው ይፈልጋል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ “ይህ በረዶ በከንቱ የመጣ አይምሰላችሁ። በመካከላችን ለዛር የምታፈስስ አለች” አለ። ስም አልጠራም፣ ዓይኑን ግን ፋንታዬ ላይ ጣለ። ሰዉም ዓይኑን ተከትሎ ዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋንታዬ ቡና አጣጭ አጣች። ጀበናዋን ጥዳ እንደ ወትሮዋ በር ላይ ትወጣና “ኑ ቡና ጠጡ!” ትላለች። የሚመጣ የለም። ስኒውን ግን አንዱንም ሳታጎድል ትደረድራለች። ባንቻየሁ ያኔ ገና ልጃገረድ ናት፤ እናትና ልጅ ለብቻቸው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣሉ፣ የቀረው ስኒ ባዶውን ይታጠባል። “‘አጣጭ አያሳጣሽ’ ሲሉ ምርቃት መስሎኝ እንጂ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር” ብላኛለች አንድ ጊዜ።

በዚያው ዓመት ፋንታዬን ተስቦ ገባባትና ሞተች። ባንቻየሁ ሮጣ ሄዳ መምሬ ሀብተ ሚካኤል በር ላይ ወደቀች።

“አባቴ፣ እናቴ አረፈች። ይምጡና ይፍቷት።”

በሩን እንኳ አልከፈተላትም። ከውስጥ ሆኖ “ለማን ታፈስስ እንደነበር እሱን ሄደሽ ጥሪ” አላት።

ፋንታዬ ያለ ፍትሐት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረች። አስከሬኗን ያወጡት የባሏ ወንድምና ሁለት ነጋዴዎች ናቸው። ድንጋይ ከመሩባትና ሄዱ። ባንቻየሁም የእናቷን ጀበና በነጠላ ጠቅልላ ደባርቅ ገባች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በጎረቤትነት ብዙ ከቆየን በኋላ ነው። እዚህ ከተማ ያሉ አንድ ደግ ቄስ ነገሩን ሰምተው “ልጄ፣ እኔ ወርጄ ልፍታት፤ ምን ገዶኝ” ብለዋት ነበር። እንቢ አለች። “የጣላት አፍ ያንሳት” አለች። ፍላጎቷ ይህ ብቻ ነው፤ ያ አፍ፣ ሌላ ማንም ሳይሆን ያ አፍ፣ የእናቷን ስም ጠርቶ እንዲፈታት ትፈልጋለች። ያም በሰው ፊት እንዲሆን።

“ባንቺ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል እኮ” አልኳት።

“እኔ መቼ ጸለይኩ?” አለች። “እጠብቃለሁ እንጂ።”

ጠበቀችና መጣ። በ2001 ዓ.ም. መምሬ ሀብተ ሚካኤል አርጅቶ፣ አለቅነቱን ለሌላ ለቅቆ፣ ደባርቅ ልጁ አገርነሽ ዘንድ ሊጦር መጣ። የአገርነሽ ቤት ከእኛ ሦስተኛው አጥር ነው። መጀመሪያ ቀን በደጃችን ሲያልፍ ባንቻየሁ የፈላ ጀበና በእጇ ነበር። ፊቱ ላይ ትደፋዋለች ብዬ ጓጉቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። እሷ ግን ጀበናውን አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

“ይፍቱኝ አባቴ።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ” ብሎ መስቀሉን አሳለማት። “የማን ልጅ ነሽ?”

“የፋንታዬ።”

ትንሽ አሰበና “የትኛዋ ፋንታዬ?” አላት።

ፈገግ ብላ አሳለፈችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለውን ሰው ሲያወራው እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም። አንዲትን ሴት ከነአስከሬኗ አውጥቶ ጥሏል፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን አያስታውስም። የዚያን ቀን ባንቻየሁ እስከ ማታ የተናገረችው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አገርነሽ አባቷ ማሕሌት ላይ እንቅልፍ እያሸነፈው፣ ራሱንም እያመመው መቸገሩን ለባንቻየሁ ነገረቻት። “ቡና ቢቀምሱ ይሻላቸው ነበር፤ ግን እርም ነው ይላሉ” አለች። ባንቻየሁ በማግስቱ ጀበናና ስኒ ይዛ ሄደች፤ እኔም ፈንድሻ ይዤ ተከተልኳት።

መምሬ ሀብተ ሚካኤል ስኒውን ሲያይ እጁን አነሣ። “ልጄ፣ እኔ ይህን አልነካም።”

“ሌላውን ቡናማ እኔም አልሰጥዎትም አባቴ” አለች ባንቻየሁ። “ይሄኛው የዘጌ ነው። ከጻድቁ በትር የበቀለ፣ በሬ ያላረሰው፣ ከገዳም ደጅ የተለቀመ።”

“ከአቡነ በትረ ማርያም በትር?”

“ከበትራቸው።”

ጢሙን እያሻሸ ቆየ። መቼም ሊቅ አይደለም አይባልም፣ ለራሱ መንገድ መፈለግ ያውቅበታል። “እንዲያ ከሆነማ…” አለ። “ከበረከት እንቢ አይባል። እንግዲህ ለመድኃኒት ያህል።”

ለመድኃኒት ያህል አቦሉን ጠጣ። ለመድኃኒት ያህል ቶናውን ደገመ። በረካው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ “ማር አለበት” አለ፤ “የለበትም” ብትለው “እንግዲያስ የቤተ መቅደስ ጠረን ነው” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሁለታችንም እግዚአብሔር ያሳያችሁ ሳቃችንን እንደምንም ዋጥነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጣ። ጠዋት ይመጣል፣ ከሰዓት ይመጣል። በጾም ቀን ደግሞ ያለ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስምና አጥራችን ሥር ቆሞ ጥላውን በጫማው ይለካል፤ ጥላው አልረዝም ሲለው ይቆጣል። በመጣ ቁጥር ባንቻየሁ “ይፍቱኝ አባቴ” ትለዋለች፣ እሱም ይፈታታል። “እኔን በየቀኑ ይፈታኛል፣ እሷን እንደታሰረች ትቶ” አለችኝ አንድ ቀን መስቀል የተሳለመችበትን ግንባሯን እያበሰች። እኔማ ንዴቴን አልቻልኩም።

“ለዚህ ሰውዬ እንዲህ ያለ ቡና? አመድ አትጨምሪበትም?”

“መጥፎ ቡና ሰው አያስርም፣ ሸጊቱ።”

አንድ ቀን እንኳ ቅልቅል አልሰጠችውም። ያፈላችለት ሁሉ የጠራ ነበር፤ የእሷ ጀበና ከፈረስ ጭራ የተገመደ ውታፍ ስላለው አተላ ስኒው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እኔ ይህ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ እሷ ዘጌ ወርዳ በተመለሰች ጊዜ ነው። እሷ በሌለችበት አገርነሽ ከገበያ ቡና ገዝታ አፈላችለት። አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጎ “ይህ የጻድቁ አይደለም!” ብሎ ተፋው። ከዚያ በሐራራ ራሱን በነጠላ አስሮ ተኛ። ባንቻየሁ ከመኪና እንደ ወረደች ሲሰማ ዕቃዋን እንኳ ሳትፈታ ደረሰ። ጣደችለት። እሳት ላይ እያለ ዓይኑን አልነቀለም። ወርዶ ሳይሰክን “አምጪው ልጄ፣ እኔው ልቅዳ” ብሎ ጀበናውን ከእጇ ነጠቀ። እኔ ግን ከመስጠቷ በፊት ውታፉን መዝዛ መቀነቷ ውስጥ ስትሸጉጠው አይቻለሁ።

አተላው ስኒውን ሞላው። መምሬ ሀብተ ሚካኤል አፉን እየጠረገ ተፋ።

“ውታፉ ተበላሽቶብኝ ነው አባቴ፣ ይታገሡኝ” አለችው።

በማግስቱም ውታፍ የለም፤ ጀበናውንም “እጅዎ ይባርከው” ብላ ወደ እሱ አዞረችው። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ጠንቀቅ አለ። ጀበናውን አዘነበለና አተላው እንዲወጣ ትንሽ መሬት ላይ ጠብ አደረገ። ከዚያ ስኒው ላይ ቀዳ። የጠራ መጣለት፣ ደስ አለው። ማንም አላስተማረውም።

ልጮህ አፌን ስከፍት ባንቻየሁ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሱ እንደ ሄደ ያዝኳት።

“አሁን አትይውም ነበር? በዓይናችን አየነው እኮ!”

“እናቴን የጣላት ደጀ ሰላም ላይ ነው” አለች በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ። “እኔና አንቺ አየን ብንል ማን ይሰማናል? ይለምደው። እጁ ሳያስብ ያድርገው።”

ለመደው። ሌላ ሰው ሲቀዳለት እስከ መበሳጨት ደረሰ። ጀበናው ከፊቱ ካልሆነ ቡና የጠጣ አይመስለውም፤ ያነሣል፣ ያዘነብላል፣ ጠብ ያደርጋል፣ ይቀዳል። መሬታችን ላይ እሱ በሚቀመጥበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ወጣ። ባንቻየሁ ስትጠርግ ያችን ቦታ እየዘለለች ነው።

በ2004 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤልን ዝክር አገርነሽ ባባቷ ስም አዘጋጀች። ከዳባት በታች ካለው ከዚያው መንደር ደብሩን አሁን የሚያስተዳድሩት ቄሰ ገበዝ ዘመነ መጡ፤ አብረዋቸው ያኔ ደጀ ሰላሙ ላይ ዓይናቸውን ፋንታዬ ላይ የመለሱ ሽማግሌዎች መጡ። ጠላው ተጠጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አገርነሽ ባንቻየሁን ቡና እንድታፈላ ጠየቀቻት። ባንቻየሁ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። የያዘችው ጀበና የሁልጊዜው አልነበረም። አፉ ሸረፍ ያለ፣ ጥላሸት የጠገበ አሮጌ ጀበና ነው፤ የእናቷ ጀበና።

ቡናው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ ጠረኑን አመሰገኑ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ዘጌና ስለ ጻድቁ በትር ሲያስረዳቸው ቆየና እጁን ዘረጋ። “አምጪው ልጄ። ለእንግዶቼ እኔው እቀዳለሁ፤ ይህን ቡና የማውቀው እኔ ነኝ።”

ሰጠችው። አነሣ። አዘነበለ። ቤት ሙሉ ሰው እያየው ጉዝጓዙ ላይ ጠብ አደረገ።

“ለማን ነው ያፈሰሱት አባቴ?” አለች ባንቻየሁ።

“እ?”

“አሁን መሬት ላይ ያፈሰሱት። ለማን ነው?”

“ለማን ብሎ ነገር ምንድን ነው? አተላው ነዋ! አተላው ይውጣ ብዬ ነው።”

“እናቴም አተላው ይውጣ ብላ ነበር።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስኒውን አስቀመጠና “ፋንታዬ…” አለ ለራሱ። ሌላው አንገቱን ደፋ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል ጀበናውን አየ፣ የተሸረፈ አፉን አየ፣ ከዚያ ባንቻየሁን አየ። ያኔ ነው የትኛዋ ፋንታዬ እንደሆነች ያወቀው። ጀበናው በእጁ እንደተዘነበለ ሌላ ጠብታ ወደቀ።

“በርዎ ላይ ወድቄ ይፍቷት ስልዎት፣ ለማን ታፈስስ እንደነበር እሱን ሄደሽ ጥሪ ብለውኛል” አለች። “ታዲያ እርስዎ የሞቱ ለት እኔ ማንን ልጥራልዎት?”

“ኧረ ባንቻየሁ! በሚካኤል ቀን!” አለች አገርነሽ እያለቀሰች። ለአገርነሽ አዝኛለሁ፤ እሷ ምንም አላደረገችም። ባንቻየሁን ግን ዝም በይ ማለት የሚችል ያን ቀን አልነበረም።

ቄሰ ገበዝ ዘመነ ቀስ ብለው “መምሬ፣ እውነት ነው?” አሉ።

ሰውዬው ዓይኑን ከጉዝጓዙ ሳያነሣ “ወርጄ እፈታታለሁ” አለ። “የክርስትና ስሟን ንገሪኝ።”

“የነፍስ አባቷ እርስዎ ነበሩ” አለች። ጀበናውን ከእጁ ተቀበለች። መቀነቷን ፈታ አድርጋ ያንን የፈረስ ጭራ ውታፍ አወጣችና ጀበናው አፍ ላይ ወተፈችው። “እኔ አልነግርዎትም። ስሟን ያስታውሱ፣ ፍትሐቷን ያድርሱ። ያን ቀን ቡናው ይቀዳል።”

ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ቀን ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ከባንቻየሁ ደጅ አልደረሰም። አገርነሽ የገበያ ቡና ብታፈላለት አልሆነለትም። እስከ ዳባት በመኪና ሄድን፤ ከዚያ እሱ በበቅሎ፣ እኛ በእግራችን ወረድን። መንደሩ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ነቅሎ ወጥቶ ይጠብቃል። የፋንታዬ መቃብር ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ ኮሽም በቅሎበታል፣ ግማሹን ድንጋይ ሰው ለአጥር ወስዶታል።

ባንቻየሁ ከመቃብሩ ግርጌ ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት አነደደች። ቆላች፣ ወቀጠች፣ የእናቷን ጀበና ጣደች። የዘጌው ቡና ሽታ በዚያ ሜዳ ላይ ሲነሣ መምሬ ሀብተ ሚካኤል መጽሐፉን ገልጦ፣ ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ።

“ወለተ ማርያም?” አለ ወደ እሷ እየተመለከተ። እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

“ወለተ ኪሮስ?” ጭራሮ ትጨምራለች።

“እኅተ ጽዮን?”

ሕዝቡ እያየው የስንቷን ሴት ስም እንደቆጠረ እንጃ። ላብ አጠመቀው። ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቄሰ ገበዝ ዘመነ ሊያግዙት ቢጠጉ ባንቻየሁ በዓይኗ መለሰቻቸው። ሰውዬው ጀበናውን እያየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየ። በኋላ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

“አመተ ሚካኤል” አሉ። “ሚካኤል ይታረቀኝ፣ በእኔው መልአክ ስም ነበረች።”

አሉ ያልኩት ለዚህች አንዲት ቃል ብቻ ነው።

ፍትሐቱ ከአናት እስከ እግሩ ደረሰ። ያ “ለዛር የምታፈስስ” ያለ አፍ “ነፍሰ አመተ ሚካኤል” እያለ ደጋግሞ ማለደላት፤ ያኔ አንገታቸውን የጠመዘዙ ሰዎች መሬት ላይ ተደፍተው ሰገዱ። ባንቻየሁ አላለቀሰችም። እኔ ለሁለታችንም አለቀስኩ።

ሲያበቃ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ወደ እሳቱ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነጠላውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ አጥብቆ አስሮታል። እጁን ዘረጋ።

ባንቻየሁ ጀበናውን አነሣች። በእጁ አጠገብ አሳለፈችውና መቃብሩ ራስጌ ቆማ አዘነበለችው። የአቦሉን፣ የቶናውን፣ የበረካውን ድርሻ ሁሉ ባንድ ጊዜ ድንጋዩ ላይ አንዠቀዠቀችው። መሬቱ እየጨሰ ጠጣው። ይቀዳል አለች እንጂ ለማን እንደሚቀዳ አልተናገረችም ነበር።

“አሁን ይጠይቁኝ አባቴ” አለች። “ለማን አፈሰስሽው ይበሉኝ።”

መንደሩ ሁሉ እሱን ያያል። እሱ እርጥቡን ድንጋይ ያያል። ከዚያ በሰለለች ድምፅ “ጠብታ እንኳ አልተረፈም?” አለ።

ባንቻየሁ ጀበናውን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አድርጋ ነቀነቀችው።

“አተላው አለ” አለችው።